ፈሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምናዬ በፊት የነበሩት ሦስት ሳምንታት

ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ያደረግሁት በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የታዘዘልኝን የፈሳሽ ምግብ ጊዜ ግን ያሳለፍኩት እዚሁ ጅማ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ለልጆቼ ምሳ እየሠራሁና ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና ላይ እየተቀመጥኩ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ፈሳሹ ጊዜ የሚጠይቀኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። እኔን ከሁሉ በላይ የፈተነኝ፣ በራሴ ስህተትም ቀጠሮዬን በአንድ ሳምንት ያስገፋብኝ እርሱ ነበር። ተመሳሳይ ቀጠሮ የያዛችሁ ሰዎች እኔ የሄድኩበትን ጠማማ መንገድ እንዳትደግሙት በማሰብ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

የነበርኩበትን ሁኔታ በአጭሩ ልናገር። ዕድሜዬ 43 ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 124 ኪሎ። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ሳላርፍ በእግሬ መሄድ ካቃተኝም ቆይቷል። ክብደት ለመቀነስ የሞከርኩት ሁሉ ጥቂት ኪሎ አስቀንሶኝ፣ ጥቂት ወር አቆይቶኝ፣ ከነበርኩበት በላይ መልሶኛል።

አዲስ አበባ ያየኝ ቀዶ ሐኪም የፈሳሹን ምክንያት ያስረዳኝ በገዛ እጆቹ ነው። ግራ እጁን ጨበጠ፤ ቀኝ መዳፉን ከላይ ደረበበት። «ጭብጡ ጨጓራዎ ነው፤ ከላይ የተኛው ጉበትዎ ነው። እኛ በትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ገብተን ጨጓራው ጋ ለመድረስ ጉበቱን ወደ ላይ ማንሣት አለብን። ጉበቱ በስብ ካበጠ ደግሞ እንዳሻን አይነሣም፤ ብንታገለው ይደማል» አለኝ። ቀጥሎም ጉበት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ እንደሚያጠራቅም፣ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም በግምት 3 ግራም ውኃ ይዞ እንደሚቀመጥ፣ ከምግብ የሚገባው ስኳርና ስታርች ሲቀንስ ጉበት መጀመሪያ ይህን ክምችት፣ ቀጥሎም ስቡን እየጨረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚያንስና እንደሚለሰልስ ነገረኝ። ጉበቱ ካልቀነሰ ሆድን በሰፊው መክፈት፣ አንዳንዴም ሥራውን ሳይጨርሱ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙ ለ14 ቀናት በቀን 800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ከ60 እስከ 70 ግራም ፕሮቲን፣ ከዚህ ሌላ 2 ሊትር ያህል ውኃ ሆነ። ምን ምን እንደሚጠጣ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ፤ የፕሮቲን ዱቄቱን እዚያው ገዝቼ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ያችን አንድ ገጽ በጥንቃቄ አላነበብኳትም። ርእሷን አየሁ፤ «የፈሳሽ ምግብ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምጾም ሰው ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ መዋል ለእኔ ብርቅ አይደለም። የጾም ልምዴ ያሻግረኛል ብዬ አሰብኩ። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደጎዳኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጾም ለተወሰነ ሰዓት ከምግብ መከልከል ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል። ይህ ግን ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚወሰድ፣ እንደ መድኃኒት የተለካ ነገር ነው። ጠዋቱን ዝም ብሎ አሳልፎ ማታ ላይ ማካካስ ፕሮቲኑንም ውኃውንም ያጎድላል፤ ማታ የሚመጣውንም ረሃብ ሰው የማይችለው ያደርገዋል።

ከመጀመሬ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት የሠራሁትንም ልናዘዝ። ምግብን የምሰናበት ያህል ተሰምቶኝ አንድ ቀን ክትፎ፣ አንድ ቀን ገንፎ በቅቤ፣ እሑድ ደግሞ ዶሮ ወጥ አሠርቼ ከወትሮው እጥፍ በላሁ። ቤተሰቡም ያዘነልኝ መስሎት እየጨመረ አጎረሰኝ። ሰኞ ጠዋት ስጀምር ሰውነቴ ከዚያ ድግስ ወደ አንድ ብርጭቆ የፕሮቲን ወተት ነው የወረደው። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ የስንብት ድግሱን ትቶ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ እንጀራውን በግማሽ እንዲቀንስ፣ ስኳሩን እንዲያስቀር፣ እራቱንም በሾርባ እንዲለውጥ እመክረዋለሁ። ሰውነት በደረጃ ሲወርድ እምብዛም አይደነግጥም።

ሌላው ስህተቴ ቡና ነው። ማንም ተዪ ሳይለኝ ከፈሳሹ ጋር በአንድ ቀን አቆምኩት። እኛ ጅማዎች ቡናን እንደ መጠጥ ብቻ አናየውም፤ ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና እንጠጣለን። በቀን ስድስት ሲኒ የለመደ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ሲከለከል ምን እንደሚሆን ሰኞ ማታ አየሁት፤ ከዓይኔ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ማጅራቴ የሚወርድ፣ ብርሃን የሚያስጠላ ራስ ምታት ያዘኝ። ረሃቡ መስሎኝ ተስፋ ቆረጥኩ። ረሃብ ሳይሆን የቡና ሱስ እንደሆነ በኋላ ተነገረኝ። የእኔ ሐኪሞች ያለ ስኳር በቀን አንድ ሲኒ ፈቅደውልኝ፣ በመጨረሻው ሳምንት ቀስ በቀስ እንድተወው ነበር የፈለጉት፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ባልተሠቃየሁ። ከጅማና ከአካባቢዋ የምትሄዱ ሁሉ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠይቁ፤ የሚቀንስ ከሆነም ከፈሳሹ በፊት ባለው ሳምንት በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ሲኒ እየቀነሳችሁ ጀምሩ።

ከሁሉ የከፋውና ሕይወቴን ሊያሳጣኝ ይችል የነበረው ስህተት ግን የመድኃኒቱ ነው። ሐኪሙ «የስኳር መድኃኒትዎን የሚያስተካክልልዎትን ሐኪም ሳያገኙ እንዳይጀምሩ» ብሎኝ ነበር። ጅማ ያለው የክትትል ቀጠሮዬ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረው ስለነበር፣ ጀምሬ ብቆይና በቀጠሮዬ ብነግራቸው ምን ይሆናል አልኩ። የስኳር ኪኒኖቼን፣ ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚንን፣ እንደ ወትሮው እየዋጥኩ ቀጠልኩ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ለልጆቼ ወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ግንባሬን ላብ አጠመቀው። የሽንኩርቱ መሰለኝ። ቢላዋውን ሳስቀምጥ ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ መክተፊያው ላይ የነበሩት ክፋዮች ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ፤ ልጄን ልጣራ ብል ቃሉ አልወጣልኝ አለ። ልጄ ደግነቱ ወደ ወጥ ቤት ልትገባ በር ላይ ነበረች፤ የስኳር መለኪያውን አምጥታ ጣቴን ወጋችና አነበበች፤ 52 ይላል። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅተኛ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ሰጠችኝ፤ 15 ደቂቃ ጠብቃ ደግማ ለካች፤ 81 ሆነ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አሁንም ሳስበው ይቀፈኛል።

ግሊቤንክላሚድ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ የሚበላው ምግብ በአንድ ጊዜ ሲቀንስ መድኃኒቱ የሚሠራውን አይቀንስምና የደም ስኳር ይወድቃል። ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎችም ይኸው አደጋ አለባችሁ። በማግስቱ ያለ ቀጠሮ ሄጄ ያየኝ ሐኪም ግሊቤንክላሚዱን በፈሳሹ ጊዜ አስቆመኝ፣ ሜትፎርሚኑን አስቀጠለኝ፣ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒንም እስከ ቀዶ ሕክምናው አነሣልኝ፤ ፈሳሽ ከሰውነቴ እየወጣ ባለበት ጊዜ ግፊቴ ወርዶ እንዳልወድቅ ነው። የእኔ ለውጥ የእናንተ አይደለም፤ ከዚህ አንብባችሁ ምንም መድኃኒት አታቁሙ። ነገር ግን መድኃኒታችሁ ሳይታይ አንድም ቀን አትጀምሩ፤ ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ያለ ቀጠሮ ሂዱ፤ የስኳር መለኪያም ቤት ውስጥ ይኑር፤ አብሯችሁ የሚኖረውም ሰው እንዴት እንደሚለካና ምን እንደሚሰጣችሁ ይወቅ።

አሁን ቀጠሮዬን ወዳራዘመው ነገር ደረስኩ። ስኳሬ የወደቀበት ቀን ፍርሃት ጥሎብኝ አለፈ። እናቴ ወሬውን ሰምታ በዚያው ሳምንት ከአጋሮ መጣች፤ ማርና የአጃ ዱቄት ይዛ ነበር። «ልጄ፣ በባዶ ሆድሽ ልትሞቺ ነው? ይኼም እኮ ፈሳሽ ነው» ብላ አጥሚት በቅቤና በማር ሠርታ አጠጣችኝ። ሙቀቱ እስከ እግር ጣቴ ደረሰ፤ አለቀስኩ ማለት እችላለሁ። ፈሳሽ ነበር፤ ማኘክ አያስፈልገውም ነበር፤ ታዲያ ምን ጥፋት አለው? ከዚያ በኋላ ጠዋት በሶ በማር፣ ከሰዓት ጎረቤቴ የላከችልኝ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ፣ ማታ አጥሚት ሆነ። የፕሮቲን ዱቄቱን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እወስድ ነበር። አንድም እህል በጥርሴ አልነካሁምና በውስጤ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ነበር።

በሰባተኛው ቀን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ከአዲስ አበባ ደወለች። ክብደቴን ጠየቀችኝ፤ 123 አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡበት ጀምሮ የጠጡትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ። በሶውን ስነግራት ስንት ማንኪያ ማር እንዳለው ጠየቀችኝ። ስፕሪሱን ስነግራት የብርጭቆውን ልክ ጠየቀችኝ። አጥሚቱ ላይ ስደርስ እኔው ራሴ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ፤ ሲዘረዘር ስሰማው ገብቶኝ ነበር። ምንም አልተቆጣችኝም። «በሶ ገብስ ነው፣ አጥሚት አጃ ነው፣ ማንጎና ማር ስኳር ናቸው፣ አቮካዶና ቅቤ ደግሞ ስብ ናቸው። በውኃ ስለቀጠኑ ጉበትዎ አይለያቸውም፤ እንጀራ ቢበሉ የሚያጠራቅመውን ያህል እያጠራቀመ ነው» አለችኝ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ በማግስቱ ስትደውል ቀዶ ሕክምናው በአንድ ሳምንት ተገፍቶ፣ 14ቱ ቀናት ከአንድ እንዲጀመሩ ተወስኖ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ባሌ ፈቃድ ጠይቆ ተሰጥቶት ነበር፤ እህቴ ሆስፒታል ስተኛ አጠገቤ ልትሆን ቀኗን አመቻችታ ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደገና ሊስተካከል ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ስመለከተው ግን ያ ስልክ ባይደወልልኝ ኖሮ በትልቅ ጉበት ቀዶ ሕክምና ክፍል እገባ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ በወንፊት ማለፉን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ተመልከቱ። ጅማ ውስጥ ለታመመ ሰው በደግነት የሚቀርበው ፈሳሽ ሁሉ፣ አጥሚቱም፣ በሶውም፣ የአብሽ ውኃ በማሩም፣ የተልባ ጭማቂውም፣ ለሌላ ጊዜ መልካም ሆኖ ሳለ ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት አይሆንም።

ሁለተኛውን ዙር የጀመርኩት ወጥ ቤቴን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው። ያችን አንድ ገጽ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኳት፤ እናቴም እንድታነብ። ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ከሱቅ ገዛሁ፤ ሲያልቅብኝ ደግሞ የላም ወተት አፍልቼ አቀዘቅዝና ላዩ ላይ የሚረጋውን ስልባቦት ሁለት ሦስት ጊዜ አነሣለሁ። አሬራ ቅቤው የወጣለት ስለሆነ ይስማማኛል ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ካልፈላ ወተት የተናጠ ከሆነ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኢንፌክሽን ልታመጪ ትችያለሽና ይቅርብሽ ተባልኩ፤ እኔም ተውኩት።

መረቁ ነው ያዳነኝ። የዶሮ ሥጋውንና አጥንቱን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሁለት ፍሬ ኮረሪማ ጋር በብዙ ውኃ ለሁለት ሰዓት አፈላና አጠልለዋለሁ፤ ሥጋውን ልጆቼ ይበሉታል። መረቁን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሲከፈት ስቡ ላዩ ላይ እንደ ሻማ ረግቶ ይገኛል፤ በማንኪያ ጠርዙን ስነቀንቀው እንደ ክዳን ሙሉውን ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ጥርት ያለ፣ ትንሽ የረጋ ወርቃማ ፈሳሽ ነው። ጨው ቆንጠር አድርጌ ሞቅ ሳደርገው የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ወጥ የበላሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ጣፋጭ ነገር ሲበዛባችሁ ጨዋማ ነገር እንደሚያጽናና ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የፕሮቲን ዱቄቱ ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኝ ነበር። መረቅ ግን ፕሮቲኑ ትንሽ ነውና ዱቄቱን አይተካም። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ወተት፣ ቀረፋ ነስንሼበት፣ ክዳን ባለው ኩባያ ስጠጣው ሽታው ይቀንስልኝ ነበር።

ቀኔን በሰዓት ከፋፈልኩት፤ ስልኬ ላይም ደወል ሞላሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ዱቄቱ በወተት፣ አራት ሰዓት ያለ ስኳር የቅመም ሻይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል እንደገና ዱቄት፣ ዘጠኝ ሰዓት መረቅ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማታ አንድ ሰዓት ሦስተኛው ዱቄት፣ ከመኝታ በፊት መረቅ። በመሃሉ ሁለት ሊትር የምትይዝ አንዲት ጆግ ውኃ ጠዋት ሞልቼ እስከ ማታ ባዶ አደርጋት ነበር። ረሃብ በጣም የሚብሰው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው መክሰስ የሚበሉበት ሰዓት ስለሆነም ይመስለኛል። ያንን ሰዓት ከቤት ወጥቼ በአዌቱ ዳር ለሃያ ደቂቃ በዝግታ በመራመድ አሳልፈው ነበር፤ ግንቦት ውስጥ ስለነበርን ዝናቡ ባልያዘኝ ቀን ማለቴ ነው።

ሰውነት ምን እንደሚል ብታውቁ አትደነግጡም። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ይከብዳሉ፤ ድካም፣ ብስጭት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የአፍ ጠረን መለወጥ ይኖራል፤ ሰውነት ስብ ማቃጠል ሲጀምር የሚሆን ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ረሃቡ ይለዝባል። ከተቀመጥኩበት በፍጥነት ስነሣ ያዞረኝ ስለነበር መጀመሪያ እግሬን አንቀሳቅሼ፣ ግድግዳ ይዤ መነሣት ለመድኩ። የሆድ ድርቀቱ ግን ጎዳኝ፤ አፍሬ አራት ቀን ዝም አልኩ፤ ስናገር ቀላል መድኃኒት ታዘዘልኝና አለፈ። እንዲህ ያለውን አትደብቁ። ራስ መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የልብ መምታት መለወጥ ወይም ሽንት በጣም ማነስ ከመጣ ደግሞ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ይኬዳል።

ከረሃቡ ይበልጥ የፈተነኝ ልማዴ ነበር። ወጥ ስሠራ ጨው የምቀምሰው በማማሰያው ጫፍ ጠብታ መዳፌ ላይ ጥዬ በመላስ ነው፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ስላደረግሁ አስቤው አላውቅም። በሁለተኛው ዙር ሁለተኛ ቀን መዳፌን ከላስኩ በኋላ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው መቅመስ የልጄ ሥራ ሆነ። ቡና ላይም እንዲሁ ነው። ጎረቤቶቼን መራቅ አልፈለግሁም፤ ቤት ብቀር ይበልጥ እንደምራብ አውቃለሁ። አደጋው ሲኒው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቆሎ ላይ ነው፤ ወሬ ሲደምቅ እጅ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት እጄ እንዲያዝ ዳንቴል ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ አንዲቱን ሲኒዬን ከጨረስኩ በኋላም ትኩስ ውኃ በዚያው ሲኒ እየቀዳሁ ከሰዎቹ ጋር እስከ በረካ እቆይ ነበር። ማኘክ ሲናፍቀኝ ደግሞ ጥርሴን እፋቅ ነበር፤ የዋዛ ይመስላል እንጂ ረድቶኛል።

ለሰው ምን እንደምትሉም አስቀድማችሁ አስቡበት። በእኛ አገር የከሳ ሰው እንደታመመ ይታያል፤ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?» ይሉኛል። ለሁሉም ቀዶ ሕክምናዬን መዘርዘር አልፈለግሁም፤ «ሐኪም ለሁለት ሳምንት ከምግብ ከልክሎኛል» ስል ግን ማንም አልተጫነኝም። የእድራችን አባል የሆነች ጎረቤታችን አርፋ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር ይህችኑ ቃል ተናግሬ ሳልቀበል ሳልፍ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው «አላህ ያሽርሽ» አሉኝ። ባሌንም ጉርሻ እንዲያቆም በግልጽ ነገርኩት፤ ለእርሱ ፍቅር ነው፤ ለእኔ ግን በዚያ ሰዓት ከማንም ይልቅ የእርሱን እጅ እምቢ ማለት ይከብደኝ ነበር።

አንዳንዶች ጫት ቃሚ፣ ረሃብሽን ያጠፋልሻል ብለው መክረውኛል፤ በከተማችን ይህ ምክር እንግዳ አይደለም። እውነት ነው፣ ጫት ረሃብ ያስረሳል፤ ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከማደንዘዣ በፊትም የሚፈለግ ነገር አይደለም። የምትቅሙ ከሆናችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩት፤ የሚጠይቃችሁ ሊወቅሳችሁ አይደለም።

ሁለተኛው ዙርም ያለ እንከን አላለፈም። በዘጠነኛው ቀን ማታ ትንሹ ልጄ ትቶት የሄደውን ፍርፍር ሳሕን ላነሣ ስል ቆሜ ሦስት ጉርሻ በላሁ። ከዚያ የመጣብኝ ሐሳብ «አንዴ ተበላሽቷል» የሚል ነበር፤ ድስቱን ልከፍት እጄ ደርሶ ነበር። ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ መልእክት ላክሁላት። «ሦስት ጉርሻ ሦስት ጉርሻ ነው፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ይጠጡ» ብላ መለሰችልኝ። ቀጠሮውም አልተገፋም። በመጀመሪያው ሳምንት ያበላሸሁት ሳላውቅና ሳልናገር ስለቀጠልኩ ነው፤ በዚህኛው ተናገርኩና እዚያው ላይ ቆመ። የምትደውሉለት አንድ ሰው ስልክ ሳትይዙ አትጀምሩ።

ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ቀን በፊት በመኪና ወደ አዲስ አበባ ተጓዝን። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መረቁን በፔርሙዝ፣ ዱቄቱን በየልኩ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍዬ፣ ውኃዬን ይዤ ነበር። ግቤን ተሻግረን ወልቂጤ ስንደርስ ለምሳ ቆምን፤ የክትፎ ቅቤ ሽታ እስከ መኪናው ይመጣል። ባሌን ገብተህ ብላ አልኩትና ፔርሙዜን ከፍቼ መስኮቱን ዘግቼ ጠጣሁ። ለመንገድ ያልተዘጋጀ ሰው ቢሆን እዚያ ያበቃለት ነበር። በመጨረሻው ቀን የተፈቀደልኝ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነበር፤ ውኃ፣ የተጠለለ መረቅና ያለ ስኳር ሻይ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ምንም። ክብደቴ 116 ኪሎ ሆኖ ገባሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ግራ እጁን ጨበጠና ቀኝ መዳፉን በቀላሉ ወደ ላይ አነሣው። «እንዲህ ነበር የተነሣልን» አለኝ። ከዚያ በኋላም ያለው ጊዜ በፈሳሽ ነው የሚጀምረው፤ ያኔ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ከሲኒ አያልፍም፤ እርሱንም በዝግታ፣ እየተጎነጩ ነው። ሰዓት መጠበቁን፣ ዱቄቱን መልመዱን፣ ማኘክ ሳይኖር መዋሉን አስቀድሜ ስለተማርኩት በዚያ በኩል አልተቸገርኩም።

ጅማ ስንመለስ እናቴ ከአጋሮ ቀድማን መጥታ ቤት ውስጥ ትጠብቀን ነበር። አጥሚት አልሠራችም። ማቀዝቀዣውን ከፍታ ድስቱን አወጣች፤ የረጋውን ስብ በማንኪያ ጠርዝ ጠርዙን ነቅንቃ አነሣችው፤ ከዚያም ድስቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ።

«እዪው እስቲ፣ ቀረው?»

አልቀረውም ነበር። በሲኒ ቀዳችልኝ።